ከወረታ በላይ የተደወለው ስልክ

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላዬ አንዲት ወጣት ሴትና አንዲት ትልቅ እናት ተቀምጠዋል፤ የተዋወቁት እዚያው ወንበር ላይ ነው።

«ልጄ፣ ስልኩን ምነው እንዲህ ጨብጠሽ ያዝሽው?»

«የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቅሁ ነው፣ እማማ። አርግዤ እንደሆነ ይነግሩኛል።»

«የመጀመሪያሽ ነው?»

«አይደለም፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። እሷን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኋት። ከዚያ በኋላ ዓመታት ብጠብቅ እምቢ አለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«አዲስ አበባ ሄድሁ። ፅንሱን ውጭ አዘጋጅተው ማህፀን ውስጥ ያስቀምጡታል። የመጀመሪያው አልያዘም። ሐኪሙ የኦፕራሲዮኑ ጠባሳ አስቸግሮ ሊሆን ይችላል አለኝ።»

«ልጅ የወጣበት ቁስል ልጅ ይከለክላል እንዴ?»

«ሁሉንም ሴት አይከለክልም፤ አንዳንዷን ዕድሏን ይቀንስባታል ነው ያለኝ። እንደገና እንሞክር ሲለኝ እሺ አልሁት።»

ወረታን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ስልኩ ጮኸ።

«አቤት! አዎ፣ እኔ ነኝ… እባክዎ ይድገሙልኝ!»

«ምን አሉሽ? ተናገሪ እንጂ!»

«ይዟል! እማማ፣ ይዟል!»

«እልልልል! አንተ ሹፌር፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ እርጉዝ ይዘሃል!»

«ኧረ እማማ፣ ሰው ሁሉ ሰማ እኮ!»

«ይስማ! አሁን ለባልሽ ደውይ።»

«መጀመሪያ ለልጄ ነው የምደውል። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ስለት ስትሳል የከረመች።»

ነፋስ ሲያስገባብን የነበረውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።