በሻንጣ የመጣው ማጉያ

አቶ ላጲሶ ገንዘቤ ሲናደዱ መኪና አያስነሱም፤ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። ያን ቅዳሜ ጠዋት ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ባለው የኮብልስቶን መንገድ ሲመጡ ያየ ሁሉ ጥጉን ይዞ አለፈ። እጃቸው ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አለ። ወረቀቱ ወይዘሮ ብርኽቲን ከእድር የሚሰርዝ ነው።

እድሩ መቶ አርባ አባወራ አለው፤ ሊቀመንበሩ እሳቸው ናቸው። ድሮ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋ ነበር። አጥሩ ሲረዝም፣ ፎቁ ሲበዛ፣ ጡሩንባው የማይሰማ ሆነና በስልክ ተተካ። የሚደውሉትም፣ መልእክት የሚልኩትም አቶ ላጲሶ ራሳቸው ናቸው። ሕጉ አጭር ነው፤ ሳያስፈቅድ ሦስት ቀብር የቀረ ይሰረዛል። ወይዘሮ ብርኽቲ በሁለት ወር ሦስት ቀርታለች። ሦስተኛው ደግሞ የአቶ ገሰሰ ቀብር ነበር። አቶ ገሰሰ ማለት የብርኽቲ ባል አቶ አረጋዊ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸው ዕለት ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሱ ሰው ናቸው! ታዲያ ሊቀመንበሩ ቢቆጡ ማን ይፈርድባቸዋል? የሟች ሚስት ወይዘሮ ዕፀገነትም ከዚያ ቀን ወዲህ ብርኽቲን በመንገድ ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

አቶ ላጲሶ ከብርኽቲ በር ሳይደርሱ፣ በራሳቸው የእንግዳ ማረፊያ አጥር ሥር አንዲት ወጣት አገኙ። ስልኳን ከፍ ዝቅ እያደረገች አጥሩን ተከትላ ትሄዳለች። የብርኽቲ ልጅ ማዕዛ ናት፤ የስልክ መስመር መሐንዲስ። ለሥራ ክፍለ ሀገር ሦስት ወር ከርማ ትናንት መግባቷ ነው።

"ደኅና አደሩ ጋሽ ላጲሶ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ አሉ?"

"አሉ። አባዬን ጥለው የት ይሄዳሉ ብለው ነው?"

"ቀብር እንደማይሄዱማ አውቃለሁ" አሉና ወረቀቱን አሳዩዋት።

ማዕዛ አነበበችው። ፊቷ ሲቀላ ታያቸው።

"ጋሼ፣ እናቴ አልቀሩም። አልሰሙም!"

"ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ውሸታም አታድርጊኝ። ሦስቱንም ጊዜ ደውያለሁ። መልእክትም ልኬአለሁ።"

"ሲደውሉ አነጋገሯቸው?"

"ዘግተውት እንዴት አነጋግራቸዋለሁ? ደግሞ እሳቸው ብቻ መሰሉሽ? በዚህ አጥር ዙሪያ አሥራ አንድ ቤት እንዲሁ ነው! ቀብር ሲሸታቸው ስልክ ይዘጋሉ። ሰው ሲደላው ልቡ ያብጣል። ዛሬ እናትሽ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሌሎቹ፤ አንድ በአንድ አጸዳቸዋለሁ።"

"አሥራ አንዱም በእርስዎ አጥር ዙሪያ መሆናቸው አልገረመዎትም?"

"ምኑ ይገርማል? ክፋት በጉርብትና ይጋባል።"

ማዕዛ ቀና ብላ የእንግዳ ማረፊያውን ጣሪያ አየች። "ያ ነጭ አንቴና መቼ ተተከለ?"

አቶ ላጲሶ ንዴታቸውን ለአፍታ ረሱት። አንቴናውን ይወዱታል። "ሁለት ወሩ ነው። እንግዶቼ ኢንተርኔት ዘገየ እያሉ ፀሐይ ሳይወጣ ይነዘንዙኝ ነበር። ሱቅ ብሄድ ሄርሞን የምትባል ሻጭ ትንሽዬ ዕቃ አውጥታ፣ 'ይህ የመገናኛ ዕቃ በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን ተፈትሾ የተፈቀደ ነው፣ ወረቀቱም ይኸው' አለችኝ። እኔን! ለእኛ አገር ተብሎ የሚመጣ ዕቃ ውኃ የተጨመረበት መሆኑን የማላውቅ መሰላት። ዕቃ እያመላለሰ የሚነግደው አምደሚካኤል ከዱባይ በሻንጣ አመጣልኝ። ፈታሽ እጁን ያላሳረፈበት፣ ኦሪጅናል! የስልኩን መረብ ከአየር ላይ ይስብና አጉልቶ ቤቱን ይሞላዋል።"

ይህ የከተማችን በሽታ ነው። ፍተሻ ያለፈ ዕቃ የደከመ ይመስለናል፣ ከፍተሻ ያመለጠው ደግሞ ኦሪጅናል። በሻንጣ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ከመጣ የማይገዛ ሰው የለም፤ የተማረውም ይገዛል፣ ያልተማረውም ይገዛል፣ ሲበላሽበት ግን ሁሉም እኩል ያለቅሳል። አቶ ላጲሶ እንኳ አልተበላሸባቸውም። ያበላሹት የሌላውን ነው።

"ጋሼ፣ የእናቴን ስልክ የዘጋው ይህ ዕቃ ነው" አለች ማዕዛ።

"ምን አልሽ?"

"በአየር ላይ የሚሄደው ሞገድ የጋራ ነው፣ እንደዚህ መንገድ። የቱ ለምን እንደሚያገለግል፣ አንድ መሣሪያ ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ በደንብ ተወስኗል። ሻጯ ያሳየችዎት ወረቀት ለዚህ ነበር። የእርስዎ ማጉያ ማንም አልፈተሸውም። ቀን ከሌት የስልክ ማማው ላይ ይጮህበታል፤ ማማው ደግሞ በዚያ ጩኸት መሐል የእናቴን ስልክ መስማት አቃተው። እርስዎ እሑድ ጸሎት ቤት ሲሄዱ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ ቢጮህ ሰባኪው ይሰማዎታል?"

"ውሸት! የእኔ ስልክ ይኸው፣ ሙሉ ነው! አንድም ቀን ተቋርጦብኝ አያውቅም።"

"ለዚያ ነዋ የማያምኑን! ለእርስዎ ያጎላል፣ ለጎረቤት ያፍናል። እርስዎ ጠግበው ሰፈሩ ተርቧል ሲባል ማን ይሰማል?"

"አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ትናንት በዳይፐር ያየሁሽ ልጅ ነሽ። እናትሽ ላጠፉት ጥፋት የእኔን አንቴና ምክንያት አደረግሽ?"

"ይቆጡኝ፤ ይገባዎታል፣ እንደ አባቴ ነዎት" አለች ማዕዛ። "እኔም ግን ተናድጃለሁ። አባዬ በሽተኛ ነው። ሕመሙ ቢነሣበት እናቴ አምቡላንስ በምን ይጠራሉ? አውሮፕላን ማረፊያው እዚህ አፍንጫችን ሥር ነው፤ አብራሪዎቹም የሚነጋገሩት በሞገድ ነው። ዛሬ የእናቴን ስልክ ያፈነ ዕቃ ነገ የማንን እንደሚያፍን እርስዎ ያውቃሉ? ወይስ አምደሚካኤል ነግሮዎታል?"

"ይበቃል!"

"አይበቃም። ይደውሉላቸው። አሁን። ቤት መሆናቸውን ነግሬዎታለሁ።"

አቶ ላጲሶ ሊያሳፍሯት ደወሉ። የምታውቋት የቴፕ ሴትዮ፣ የሚደውሉላቸውን ሰው ማግኘት እንደማይችሉ በትሕትና ነገረቻቸው። "አየሽ? ዘግተዋል!" አሉ።

"ማጉያውን ከሶኬት ይንቀሉና እንደገና ይደውሉ። ካልጠራ ወረቀቱን እኔው ራሴ ለእናቴ እሰጣለሁ።"

ገቡና ነቀሉት። ከፎቅ አንድ እንግዳ ወዲያው "ኢንተርኔቱ ጠፋ!" ብሎ ጮኸ። "ጥፋ አንተም!" አሉት፣ ለእንግዳ እንዲህ ተናግረው አያውቁም። ጥቂት ጠብቀው ደወሉ።

ጠራ። ሁለቴ ሳይጠራ ተነሣ።

"አቶ ላጲሶ?" የወይዘሮ ብርኽቲ ድምፅ ነው፣ የደነገጠ። "ምነው፣ ማን ሞተ? የማን ቤት ነው? ቆዩ፣ ነጠላዬን ልልበስና መጣሁ!"

አቶ ላጲሶ "ማንም አልሞተም፣ ብቻ ማረፊያው ይምጡ" ብለው ዘጉ። ይህቺ ሴት ናት ከቀብር የምትሸሸው? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ።

ብርኽቲ ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች። ልጅዋ ነገሩን ካስረዳቻት በኋላ ወደ አቶ ላጲሶ ዞረች።

"ስልኬ ያረጀ መስሎኝ ነበር። መልእክቱ የሚገባልኝ ገበያ ስወጣ ነው። የአቶ ገሰሰን ሞት ያወቅሁት ከተቀበሩ በማግሥቱ፣ ቲማቲም ስመርጥ ነው፣ አቶ ላጲሶ! ቲማቲም ይዤ መንገድ ላይ አለቀስኩ። አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል? እርስዎ ደግሞ ሊሰርዙኝ መጡ። አረጋዊ ነገ ቢሞት ማን ሊቀብርልኝ ነበር? ያ አንቴናዎ?"

"ጥፋተኛ ነኝ" አሉ አቶ ላጲሶ። በሃያ ዓመት የሊቀመንበርነት ዘመናቸው ይህን ቃል ሌላውን ሲያስብሉ እንጂ ራሳቸው ብለውት አያውቁም።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሡ። ሰው የስረዛ ዝርዝር ሊያነቡ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ነበር።

"አሥራ አንድ ቤት ቀብር ቀረ ብዬ ከስሻለሁ። የቀሩት በእኔ ምክንያት ነው" ብለው ጀመሩ። ጉርምርምታው ሲበረታ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ስደቡኝ፣ ግን መጀመሪያ ስሙኝ። ገመድ የሌለው ዕቃ፣ ዋይፋይም ይሁን ሌላ፣ ስትገዙ በባለሥልጣኑ የተፈቀደበትን ወረቀት ጠይቁ። ሻጩ ወረቀት ከሌለው ጥላችሁ ውጡ። ሲግናል ማጉያ ደግሞ የስልክ መስመሩ ኩባንያ ሳያውቅ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ መስመሩ ከደከመባችሁ ለእነሱ አመልክቱ። ትናንት አምደሚካኤልን ስደውልለት ስልኩን ዘጋብኝ፤ የእሱስ በእርግጥ ዘግቶት ነው! ከሱቅ የተፈቀደውን የዋይፋይ ዕቃ ሁለት ገዛሁ፣ በየፎቁ አንድ አንድ ማዕዛ አስቀመጠችልኝ። እንግዳው ሳይነጫነጭ አደረ፣ የጎረቤቴም ስልክ ጠራ። ቢበላሽ የምመልስበት ሱቅ አለ። ይህን ሁሉ መጀመሪያ ማድረግ እችል ነበር። ኩራቴ ነው ያላስቻለኝ።"

"ሊቀመንበርነቱስ?" አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ በቁጣ።

"እሱንም እናንተ ፍረዱ። እኔ ግን ከዚህ ወጥቼ የምሄድበት ቤት አለኝ።"

ብርኽቲን ከጎናቸው አድርገው ወደ ወይዘሮ ዕፀገነት ቤት ሄዱ። ዕፀገነት በሩን ከፍታ ብርኽቲን ስታይ ፊቷን ልታዞር ስትል አቶ ላጲሶ ቀደሟት።

"አንቺ እመቤት፣ እሷን አትዪያት፣ እኔን እዪኝ። ባልሽን እንዳትቀብር ያደረግኋት እኔ ነኝ።" ከአንቴናው ጀምረው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት።

ዕፀገነት ብርኽቲን በሁለት እጇ ስባ አቀፈቻት፤ ብርኽቲም "ወይ ገሰሰ! ወይ ወንድሜ!" ብላ ያን የሁለት ሳምንት ለቅሶ በሩ ላይ ለቀቀችው። ሁለቱ ሴቶች ደረት እየመቱ ወደ ውስጥ ገቡ። አቶ ላጲሶ ሊከተሉ አንድ እግራቸውን ደፍ ላይ ሲያሳርፉ ዕፀገነት ዞረች።

"እርስዎ ይቆዩ" አለቻቸው። "መጀመሪያ እኛ እናልቅስ።"

አቶ ላጲሶ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጅ ቆሙ።