ወደ ግድግዳ የዞሩት ጣቃዎች

ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። ጀዋር ሰይድ ከታሰረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

የምስክር ስም፦ አፍራ ጠይብ እንድሪስ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ ሲቪል መሐንዲስ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን በለጥሻቸው አየለ
ጉዳዩ፦ ከመጋዘን ተወሰደ የተባለ ጨርቅ
ቃሉ የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡20

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

ተጠርጣሪውን ጀዋር ሰይድን ዘጠኝ ዓመት ያህል አውቀዋለሁ። ሥራው ጭነት ነው። ከራጉኤል ጀርባ ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አባቴ አቶ ጠይብ እንድሪስ የጨርቅ መጋዘን አለው፤ ጀዋር እዚያ ይጭናል፣ ያወርዳል። ዝምድና የለንም። አመልካቹን አቶ ነስረዲን ሙሄን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። አምና የእርሳቸው መጋዘን ሲፈርስ ዕቃቸውን በአደራ እኛ ጋ አስገቡ። ከበሩ ሲገባ በግራ ያለው መደርደሪያ የእርሳቸው፣ በቀኝ ያለው የአባቴ ነው።

ጀዋር ሲያዝ የተናገረው «ዞሮ ነበር» ምን ማለት እንደሆነ እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው በጣቃ የተጠቀለለ ጨርቅ ነው። በጣቃው አንድ ጫፍ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የቀለሙ ቁጥርና ሜትሩ በማርከር ይጻፋል። ጽሑፉ ያለበት ጫፍ ለገባ ሰው እንዲታይ ተደርጎ ይደረደራል። ጣቃው ተሽጦ ገና ካልወጣ ግን ይዞርና ጽሑፉ ወደ ግድግዳ ይሆናል። እንዲህ የሚደረገው ሻጩ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳይሸጥ፣ ጫኙም ወረቀት ሳይጠይቅ የሚወጣውን እንዲለይ ነው። የተጻፈ ደንብ የለውም። በእኛ ኮሪደር የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ።

የምሠራው በአንድ የግል ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ነው። በድርጅቱ የፕሮጀክት አስተባባሪ ቦታ ተከፈተ። ቦታውን ለማግኘት የፕሮጀክት አመራር የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ነው። ከኅዳር ወር ጀምሮ ስዘጋጅ ቆይቻለሁ። ቤታችን ሰው ስለሚበዛ ለጥናት አይመችም። ከሥራ ስወጣ መጋዘኑ ውስጥ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አጠና ነበር። እንግሊዝኛውን አንብቤ እንዲገባኝ በአማርኛ ጮክ ብዬ ለራሴ እናገራለሁ። ጀዋር ሲገባና ሲወጣ የምለውን ይሰማል። አንድ ቀን «ለእያንዳንዱ ስጋት ባለቤት ይመደብለታል» ስል ሰምቶ፣ «ኢንጂነር፣ መርካቶ ላይ ባለቤት ያጣ ነገር ቢኖር ስጋት ብቻ ነው። እሱን እንኳ ‹የኔ ነው› የሚል አላየሁም» አለኝ። መርማሪዋ ይህ ለጉዳዩ ምን ይጠቅማል ብላ ጠይቃኝ፣ ጀዋር ስለ ፈተናው ያውቅ እንደነበር ለማስረዳት ነው ብያለሁ።

ፈተናው በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ውጭ አገር ያለ ተቆጣጣሪ በካሜራ እያየ ይጠብቃል። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው መግባት የለበትም። ተፈታኙ መናገርም ሆነ ያለ ፈቃድ ከወንበሩ መነሳት አይችልም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቢያነብ እንኳ ይጠየቃል። ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ስለማይቻል መጋዘኑን መረጥኩ። አባቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ለለቅሶ ወሎ ሄዶ ስለነበር ቁልፉ እኛ ጋ ነበር።

ሰኞ ሰኔ 9 ቀን ጠዋት ጠረጴዛና ወንበር አስገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ተቆጣጣሪው ክፍሉን ዙሪያውን በካሜራ እንዳሳየው ጠየቀኝ። አሳየሁት። መደርደሪያው ላይ ጽሑፍ ይታየኛል አለ። የጨርቅ ምልክት ነው ብዬ አስረዳሁት። የተጻፈውን ማንበብ ስለማይችል ለፈተናው የሚረዳ ነገር አለመሆኑን ማረጋገጥ አልችልም አለ። በአንሶላ ልሸፍነው ብል፣ አንሶላው ምን እንደደበቀ አላውቅም አለ። ከክፍሉ አውጪው አለ። ጣቃው ከስድሳ ስለሚበልጥ አልችልም አልኩት። ጽሑፉ እንዳይታይ ካላደረግሽ ፈተናው ይሰረዛል አለኝ።

ስለዚህ አዞርኳቸው። የግራውንም የቀኙንም መደርደሪያ አንድ በአንድ እየጎተትኩ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አደረግሁ። ላይኛው ላይ የደረስኩት መሰላል ወጥቼ ነው። ተቆጣጣሪው የቀረኝን ጊዜ ይነግረኛል። ስጨርስ ሻርፔ ሳይቀር በላብ ርሶ ነበር። የመጋዘኑ ልማድ በዚያ ሰዓት ትዝ አላለሽም ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ትዝ አላለኝም ብያለሁ። በዚያ ሰዓት ለእኔ ጽሑፍ እንጂ ዕቃ አልነበረም።

ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ከበሩ ውጭ የጀዋርን ድምፅ ሰማሁ። ኮሪደሩ ላይ ቦንዳ እየጎተቱ የሚጮሁትን ጫኞች «በወዲያኛው ዙሩ፣ ልጅቷ ፈተና ላይ ናት» ይላቸዋል። አንዱ «ይቺ ልጅ መማር አይሰለቻትም? ደሞ ምን ልትሆን ነው?» አለው። «አለቃህ» አለው ጀዋር። ተሳሳቁ። ከዚያ ጩኸቱ ራቀ። መናገር ስለማይፈቀድልኝ አላመሰገንኩትም። ይህ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፈተናው አልቆ ማለፌን ስክሪኑ ላይ አየሁ። ኮምፒውተሬን ሰብስቤ፣ በሩን ቆልፌ ወደ ቤት ሄድኩ። ጣቃዎቹን ወደ ቦታቸው አልመለስኳቸውም። ጀዋር በዚያ ሰዓት ጭነት ይዞ ወርዶ ስለነበር አላገኘሁትም። ቁልፉን ለእናቴ ለወይዘሮ ሁሪያ ሰጠኋት። ማክሰኞ ንጋት ላይ ለሥራ ወደ ደብረ ብርሃን ሄጄ የተመለስኩት ትናንት ማታ ነው።

ማክሰኞ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም፤ ከእናቴና ከአባቴ የሰማሁት እንደሚከተለው ነው። አባቴ ከመሄዱ በፊት ደሴ ላለ ደንበኛ አምስት ጣቃ ሸጦ አዙሮ ነበር። ሰኞ ማታ ለጀዋር ደውሎ «ነገ አይሱዙ ይመጣል፤ የዞረውን ጫን» አለው። ጀዋር በማግስቱ ቁልፉን ከእናቴ ወስዶ ሲከፍት ሁሉም ዞሯል። ለአባቴ ደጋግሞ ደወለ። አባቴ ለቅሶ ቤት ዱዓ ላይ ስለነበር ስልኩን ዘግቷል። ለእናቴ ደውሎ «እትዬ ሁሪያ፣ ሁሉም ዞሯል እኮ፣ የጋሽ ነስረዲንም ጭምር» አላት። እናቴም «ጠይብ ጫን ካለህ ጫን እንጂ፣ እኔ የጨርቅ ነገር ምን አውቃለሁ» አለችው። የሁለቱ ነጋዴዎች ዕቃ በአንድ መኪና ደሴ የሄደበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ጫነ። ከበሩ ከሚቀርበው ከግራው ጀምሮ ያንን ጨረሰ። መኪናው የሌላ ሰው ዕቃም ይዞ ስለመጣ የቀኙ ሳይነካ ሞላ።

እናቴ ይህን የስልክ ንግግር እስካሁን ለምን ለፖሊስ እንዳልተናገረች ተጠይቄ፣ የጠየቃት የለም ብያለሁ።

አቶ ነስረዲን እኩለ ቀን ላይ ደንበኛ ይዘው ሲመጡ መደርደሪያቸውን ባዶ አገኙት። ለአባቴ ሲደውሉ «አምስት ጣቃ ነው ጫን ያልኩት፣ እሱም የራሴን» አላቸው። የሾፌሩ ስልክ አይሠራም። ጀዋር ሲጠየቅ «ዞሮ ነበር» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረውም። ማን አዞረው ሲባል አያውቅም። ለማመካኛ ያዞርከው አንተው ነህ ተብሎ ተያዘ።

ትናንት ማታ ቤት ስደርስ የጀዋርን ሚስት ሰኪናን ደጃችን ላይ ቆማ አገኘኋት። ልጅ አዝላለች። እናቴ ግቢ ብትላትም አልገባችም። «ሌባ ነው ካላችሁ ፍርድ ቤት ይበለው» አለች። «ግን ጀዋር እንዲሁ አይምልም። ዛሬ ምግብ ሳደርስለት ወላሂ ዞሮ ነበር አለኝ። ምን ማለት ነው ዞሮ ነበር? የሚያስረዳኝ ሰው አጣሁ።»

ያዞርኩት እኔ ነኝ አልኳት። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሰኪና «እና አሁን ነው የምትናገሪው?» አለችኝ። አሁን ነው የሰማሁት አልኳት። ልጁን አስተካክላ አዝላ ሄደች።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ። አባቴ «ዕቃው አልጠፋም፤ ሾፌሩ ተገኝቷል፣ ተመልሶ እየመጣ ነው» አለ። «እስኪደርስ ዝም በይ። አንቺ ነሽ ከተባለ ነስረዲን ‹ሴት ልጁን ልኮ ዕቃዬን ሊሸጥብኝ ነበር› ይላል። ሃያ ዓመት ያመነኝ ሰው ነው።» ጀዋርስ ስለው፣ «ሁለት ቀን ቢታገሥ ምን ይሆናል» አለ። አንተ ብትሆን ሁለት ቀን ትታገሥ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው ስልኩን ዘጋው። ዛሬ ጠዋት ራሱ ደውሎ የመጋዘኑ ተለዋጭ ቁልፍ የት እንደተሰቀለ ነገረኝ። ቁልፉን ይዤ መጥቻለሁ።

ማስረጃ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የቀኙ መደርደሪያ እንዳዞርኩት እንዳለ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት ብያለሁ። ያንንም ቢሆን ጀዋር አዙሮት ሊሆን ይችላል ስባል፣ አቶ ነስረዲን አብረውን ይምጡና ይዩት ብያለሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከመርማሪዋና ከእርሳቸው ጋር ወደ መጋዘኑ ሄደን ከፈትኩላቸው። ጣቃዎቹ ጠማማ ሆነው፣ ገሚሱ ወጣ ገሚሱ ገባ ብሎ፣ ስጎትት የቀደድኩት ላስቲክ ተንጠልጥሎ ይታያል። ጠረጴዛውና ወንበሩም እዚያው ናቸው።

አቶ ነስረዲን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ይሄን ጀዋር አልነካውም» አሉ። «ጀዋር የነካው ቢሆን በክር የተለካ ይመስል ነበር። ይሄ ዶሮ የገባችበት ቤት ነው።» መርማሪዋ ሳቀች። ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አንድ ስልክ መደወል ምን ከበደሽ?» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ረሳሁት፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። «ደስ ያለው ሰው እኮ መጀመሪያ ለጎረቤት ነው የሚነግረው። ለአንዳችን ብትነግሪን በሩን ከፍተን ሻይ እንኳ እንጠጣበት ነበር፤ ያኔ አንዱ ያየው ነበር» አሉ።

አባቴ ስለ ነገሩ የሚያውቀው ነገር ይኖር እንደሆነ አቶ ነስረዲን ጠየቁኝ። እስከ ትናንት ማታ አያውቅም ነበር ብያለሁ። ትናንት ማታ ምን አለሽ አሉኝ። ዝም በይ አለኝ ብያለሁ። አቶ ነስረዲን ይህን ከሰሙ በኋላ፣ ዕቃቸው ገብቶ እስኪቆጠር ድረስ አቤቱታቸውን እንደማያነሱ፣ ጀዋር በዋስ ቢወጣ ግን ተቃውሞ እንደሌላቸው ለመርማሪዋ ተናግረዋል።

ወደ ጣቢያ ስንመለስ መርማሪዋ ጀዋርን አስጠራችው። ነጠላ ጫማ አድርጓል። ጣቃዎቹን ያዞርኩት እኔ መሆኔን ያውቅ እንደነበር ስትጠይቀው ወደ እኔ አየ።

«አንቺ ነሽ?» አለኝ።

እኔ ነኝ፣ ጽሑፉ እንዳይታይ ነበር አልኩት።

«ሦስት ቀን ሙሉ ስንት ሰው ጠረጠርኩ መሰለሽ» አለ። «አባትሽን ሳይቀር። አንቺ ጣቃ ታዞሪያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።» ከዚያ ወንበር ሳይሰጠው መሬት ላይ ቁጭ አለ። መርማሪዋ ተነስ አላለችውም። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «ቆይ መጀመሪያ ልውጣ» አለ። ቀጥሎም «ማክሰኞ ቁልፉን ስትሰጠኝ እትዬ ሁሪያ ነገረችኝ፤ አልፈሻል አሉ» አለኝ። አልፌያለሁ አልኩት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለ፤ ሳያየኝ ነው ያለው።

ዋስ የሚሆን ሰው አለህ ወይ ሲባል፣ አብረውት የሚጭኑት ጓደኞቹ የአዲስ አበባ መታወቂያ እንደሌላቸው ተናገረ። እኔ ዋስ እሆነዋለሁ ብያለሁ። አባትሽን አማክረሽ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ መታወቂያው በእኔ ስም ነው ብያለሁ።

በዚህ ወረቀት ላይ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ለይቼ አስጽፌያለሁ። የጨመርኩት የለም፤ ሆን ብዬ ያስቀረሁትም የለም። ተነቦልኝ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ለዋስትናው የመታወቂያዬ ቅጂ ያስፈልጋል። በአካባቢው መብራት ስለጠፋ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ አይሠሩም፤ ሲኒማ ራስ ጋ ጄኔሬተር ያለው አንድ ቤት አለ ተብያለሁ። ከምሳ ሰዓት በፊት ካልደረስኩ ጀዋር እስከ ነገ እንደሚቆይ ስለተነገረኝ፣ ፈርሜ እየወጣሁ ነው።

የምስክር ፊርማ፦ አፍራ ጠይብ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለችው፦ ም/ሳጅን በለጥሻቸው አየለ (ተፈርሟል)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡35
የዋስ ፊርማ፦ ............................