የሚዋስ የፍቅር መጽሐፍ

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት አጠገቡ ልብ ወለድ የምታነብ ጎልማሳ ሴት ሲጠይቅ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ይቅርታ፤ ጥሩ የፍቅር መጽሐፍ ይጠቁሙኝ።»

«ለራስህ ነው?»

«ለአንዲት ልጅ። የፍቅር ታሪክ ማንበብ እወዳለሁ ብላኛለች።»

«ሌላስ ምን አለችህ?»

«ሌላ አላወራንም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ለሥራ ወደ መተሐራ እዛወራለሁ።»

«እንግዲያው እንዳትሰጣት፤ አውሳት። የሰጠሃትን አመስግና ትቀበልሃለች፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። የተዋሰችውን ግን ልመልስ ብላ ትደውላለች።»

«ስልኬን የት ታገኛለች?»

«ከሽፋኑ ጀርባ ስምህን ከነስልክህ ጻፍበት። መጽሐፍ የሚያውስ ሁሉ ይጽፋል።»

«ወፍራም ይሁን ቀጭን?»

«ቀጭን። ወፍራሙን ሳትጨርሰው ሌላ ሰው ያገባታል።»

«ተለያይተው የሚናፈቁበት ቢሆንስ?»

«እሱን ተወው፤ አልቅሳ ትተኛለች እንጂ አትደውልም። ተኳርፈው የሚታረቁበትን ፈልግ። አንተም አስቀድመህ አንብበው፤ በደወለች ጊዜ የምታወራት ነገር እንዳታጣ።»

«ካልመለሰችስ?»

«ካልመለሰችማ አልፈለገችህም ማለት ነው።»

ከአርባ ዓመት በፊት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ያዋሰችኝንና እስከ ዛሬ ያልመለስሁትን መጽሐፍ እያሰብሁ፣ መውረጃዬን አልፌ ሄድሁ።