የፈረሱ ሁለተኛ ዓይን

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … የትናየት? አንቺ ነሽ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆነብኝ። … አዎ፣ አጎትሽ አረጋ ነኝ፤ ሌላ ማን ያነሳልሻል። … ደህና ነን፣ ይመስገን። ላሊበላም ደህና ናት፤ እንግዳ ብቻ ነው የጠፋው። ሥዕሎቼን ደርድሬ ተቀምጬ የፊት ለፊቱን ባለሱቅ አያለሁ፣ እሱም እኔን ያያል። እንዲህ ነው የምንውለው።

— … ፎቶዎቹ ደረሱሽ? ጎሽ። እንዴት አየሻቸው ታዲያ?

— … ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ ያማረውን ንገሪኝ እንጂ። ያኔ የላክሽልኝን አምስት ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ታስታውሻለሽ? ቀለሙን እንደ ቤት ግድግዳ ስለጥፍባቸው አፍንጫቸው የጠፋውን? … አዎ፣ «ሊጥ ውስጥ የወደቁ ይመስላሉ» ያልሽኝን። አልረሳሁትም። … የአሁኖቹን ሃያ ወታደሮች ግን ቀለሙን በውኃ አቅጥኜ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ደርቤ፣ ልክ እንዳስተማርሽኝ ነው የሠራሁት። የልብሱን እጥፋት አየሽው? የጋሻውን ጠርዝ? አውራ ጣቴን በማያህል ፕላስቲክ ላይ እኮ ነው።

— (የትናየት ናት፣ የወንድሜ ልጅ። ያቺ ከጓደኞቿ ጋር ጠረጴዛ ላይ በነዚህ ወታደሮች ጦርነት የምትገጥመው።) … አክስትሽ ወለተ ሥላሴ ሰላም ትልሻለች። ጦርነቱ በማን አሸናፊነት አለቀ እያለች ነው። … አላለቀም? እሺ፣ እነግራታለሁ።

— … ውድድሩ ቅዳሜ ነው አይደል? … ለአሸናፊው ሳይሆን በደንብ ለተቀባው ሠራዊት ነው የሚሸልሙት። ገባኝ። ካርዱን ታዲያ አደራ፣ ከሠራዊቱ ፊት የሚቆመውን። «ሠዓሊ አረጋ፣ ከላሊበላ» ብለሽ በጉልህ ጻፊው። … ምን ያስቅሻል? ሠላሳ ዓመት የሳልኩት ሁሉ የሰው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አገር ለቆ ሄዷል። አንድም ቀን «ማን ሳለው?» ያለ ሰው የለም። አንድ ጊዜ እንኳ ስሜ ይነበብልኝ።

— … ዓይናቸው? ዓይናቸው ምን ሆነ?

— … አዎ፣ አንድ አንድ ነው። … ኧረ አልረሳሁም፣ ሆን ብዬ ነው። አንቺ ደግሞ እዚሁ ያደግሽ ልጅ፣ ይሄ ይጠፋሻል? በእኛ ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያይሻል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይኑ ነው። እነዚህ ጠላት ናቸው ብዬ …

— … ያንቺ ናቸው? … ሃያውም? … እሺ። እንግዲህ ባንቺም ሠራዊት ውስጥ ቢሆን ክፉ ሰው አይጠፋም።

— … ባንዲራ ያዡ? እሱ መቼም ፊቱ አላማረኝም። … ከበሮ መቺውም ያው ነው፣ ከሱ ጋር ነው የሚውለው።

— … ፈረሱ?

— … ፈረሱ ምን በደለ ነው የምትዪኝ? … እሱማ … ፈረሱ እንኳን …

— (አንቺ ሴት፣ ሳቅሽን ቀንሺልኝ፣ ስልክ ላይ ነኝ።)

— … በይ እሺ። ለሰው እንዳትነግሪ። ሁለተኛውን ዓይን አልቻልኩትም። … የመጀመሪያው አምሮ ይወጣል። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ወይ ሰማይ ያያል ወይ የገዛ አፍንጫውን። እሱን ላስተካክል ስል ደህናው ይበላሻል። እኔ እኮ ዓይን የለመድኩት እንቁላል አክሎ፣ ዝርግ እንጨት ላይ ነው። እዚህ የጤፍ ፍሬ አያክልም፣ መሃል ላይ ደግሞ አፍንጫ ተገትሮ እጄን አያሳልፍም። ዘጠኙ የራስ ቁራቸው ፊታቸውን ሸፍኖ ገላገለኝ፤ አሥራ አንዱ ግን ጉድ ሠሩኝ። ፈረሱ የመጨረሻው ነበር፤ ግራ ዓይኑን እንደጨረስኩ ተናድጄ ብሩሹን ወረወርኩት። … አፈርኩ እንጂ። ስንት ዓመት ባለሙያ ነኝ ስል ኖሬ ላንቺ «አቃተኝ» ማለት ከበደኝ። ክፉዎች ናቸው ማለት ቀለለኝ።

— … እንዲህ ከመጡ ከውድድሩ ያስወጧቸዋል? … «ያላለቀ ሥራ» ብለው። እንግዲያው ጉዴ ፈላ። አስጎብኚው ጎረቤታችን አሸናፊ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው ወዳንቺ የሚበረው፤ የወታደሮቹን ካርቶን እሱ ነው የሚያደርስልሽ። ሰባት ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዞ በር ላይ ይቆማል። … አዎ፣ ከአሁን በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቢኖረኝ ነው።

— (ምን አልሽ? … ምንሽን? … የምን ኩል?) … ቆይ የትናየት። አክስትሽ፣ አንድ ዓይኗን ብቻ ኩል ተቀብታ ከቤት የወጣች ሴት አይተህ ታውቃለህ ወይ እያለችኝ ነው። … የለችም፣ የት አያለሁ። (በይ እንቺ፣ ያዢው። ቀስ በይ፣ ባንዲራ ያዡ እኮ ነው።)

— … አለሁ፣ አለሁ። ባንዲራ ያዡን በሻማ ሰም ያጣበቅኩበትን ቆርኪ ይዛዋለች። የኩል እንጨቷን ጫፍ ጥቁሩን ቀለም አስነካችው። ትንሿን ጣቷን ቆርኪው ላይ አስደገፈች፣ ስትኳል ጉንጯ ላይ እንደምታስደግፈው። … መጀመሪያ እኔ የሳልኩትን ዓይን በጥቁሩ ሸፈነችው፣ ምንም ሳታፍር። … ትንፋሿን ይዛለች። እኔም ይዣለሁ። አንቺም ዝም በይ።

— …

— … ባንድ ጉዞ ነው የሄደችው። ከዚህኛው ዓይን እስከዚያኛው፣ አፍንጫውን ብቻ ዘላ ባንድ መስመር። አሁን ነጩን … ነካ፣ ነካ። አሁን ብሌኑን … ነካ፣ ነካ። … እኔ እኮ አንዱን ዓይን ፈጽሜ ነበር ወደ ሌላው የምሻገረው። እሷ ሁለቱንም አብራ ነው የጀመረቻቸው።

— … የትናየት። አየኝ። በሁለት ዓይኑ ቀጥ ብሎ አየኝ።

— … ደስ ብሎኛል። ቀንቻለሁም፣ አልዋሽሽም። … ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር አብረን ስንኖር ቀለም ትበጠብጥልኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ብሩሹን እንቺ ብያት አላውቅም። እኔ ማንም አልጠየቀኝም እያልኩ አማርራለሁ፤ እሷንስ ማን ጠየቃት? እኔም አልጠየቅኳት። … ከበሮ መቺውን ይዛለች አሁን። ሳላቀብላት ራሷ አነሳችው።

— … ካርዱ? … አልጻፍሽውም አይደል ገና? … ጥሩ። «ሠዓሊ ወለተ ሥላሴ፣ ከላሊበላ» በዪው። በጉልህ። … ልብሱንና ጋሻውንማ እኔ ነኝ የቀባሁት፤ ግን ሰው ቀድሞ የሚያየው ዓይን ነው። … አልከፋኝም። … ትንሽ ከፍቶኛል፣ አንቺ ግን ጻፊው። (ስምሽን እያስጻፍኩ ነው።) … ዝም ብለህ ብሩሽ እጠብ ትለኛለች።

— … ፈረሱን? ፈረሱን አልሰጣትም። የፈረስ ዓይን ግራና ቀኝ ነው፤ ሁለቱን ባንዴ አይቶ የሚያስተያይ ዳኛ የለም። እሱን እችለዋለሁ። ከካርዱ ሥር፣ በትንሹ፣ «ፈረሱን የቀባው፦ አረጋ» ብለሽ ጨምሪልኝ። … ሳቂ፣ ሳቂ። ብቻ እንዳትረሺው።

— (መጣሁ፣ አጥባለሁ አልኩሽ እኮ።) … በይ ልጄ፣ ደህና ሁኚ። ልዝጋው፤ ሠዓሊዋ እየጠራችኝ ነው።