ሽርጥ የታጠቀው መርማሪ

ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌና ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጠዋል። ልጅቱ የጻፈችውን ልብ ወለድ ታነብላቸዋለች። በድሮ መጻሕፍት የታወቀውን የእንግሊዝ መርማሪ ወስዳ የዛሬ የይፋት ሰው አድርጋዋለች።

«ካፖርቱንስ ምን አደረግሽው?»

«በዚህ ሙቀት? ሽርጥ አስታጠቅሁት።»

«ደግ አደረግሽ። የጠፋ ግመል ዱካ ያውቃል?»

«እንደ እርስዎ ነው፣ አባ። መሬቱን አይቶ መቼ እንዳለፈ ይናገራል።»

«እኔን ነዋ የጻፍሽው!»

«አንድ ነገር አለ። አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ ለማንም አልተናገረም። ዱካውን እያየች በጆሮው የምትነግረው ልጁ ናት።»

«ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ታክሲው ሁሉ ጆሮ ነው።»

«ስምዎ የለበትም እኮ።»

«ዓይኑ የደከመ ዱካ አዋቂ ጀውሃ ውስጥ ስንት አለና ነው? ሰው ካነበበው ወዲያ ግመሌ ጠፋ ብሎ ደጄን የሚመታ አይኖርም።»

«እንቢ ካሉ አወጣዋለሁ። ወላሂ፣ አንድ መስመር አላስቀርም።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«ግመሉን የሰረቀው ሌባ ይያዛል?»

«ይያዛል። እሷ ታያለች፣ እሱ ያውቃል።»

«ብቻዋን አትችልም?»

«ሞክራ አታውቅም።»

«እንግዲያው እንዳለ ይታተም። መጨረሻው ላይ ግን ብቻዋን ትሂድ፤ እሱ ጥላ ስር ይቀመጥ።»

«ይከፋዋል፣ አባ።»

«አይከፋውም። እኔ አውቀዋለሁ።»

ጀውሃ ላይ ልጅቱ እጃቸውን ይዛ ስታወርዳቸው፣ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።