የውሸት ታማሚ የሆንኩ ዕለት

በእኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ሐኪም መሆን የሚማሩት በታመመ ሰው ላይ ነበር። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አስተማሪው ተማሪዎቹን አስከትሎ ይመጣል፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ፣ ሆዱን ጫን ጫን፣ እና በእንግሊዝኛ ተነጋግረው ውልቅ! ታዲያ እሱ ወደኔ ዞሮ፣ «ምን አሉ?» ይለኛል። እኔ ምን አውቄ! «ደህና ነው አሉ» እለዋለሁ። ደህና አልነበረም።

አሁን ታዲያ ተለውጧል። እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ የጓሮዋን ክፍል የተከራየችኝ ሰላም የምትባል የሕክምና ተማሪ አለች፤ ጠዋት ወጥታ ለእንቅልፍ ብቻ ነው የምትገባው። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ለፈተና የውሸት ታማሚ ይሁኑልን» አትለኝም!

«ደግሞ የውሸት ታማሚ ምንድን ነው?»

«ተማሪዎቹ ሰው ማናገር የሚማሩበት ነው። ሆዴን ያመኛል ይላሉ፣ ከልጆቼ ጋር ነው የምኖረው ይላሉ፣ በቃ።»

እኔም ከቤት መውጣቱን ፈልጌው፣ ደህና ነጠላዬን ለብሼ ትምህርት ቤቷ ሄድኩላችሁ።

ጋዋን የለበሰ አንድ ቀጭን ልጅ ገባ። አስተማሪዋ ጥግ ተቀምጣለች። ልጁ ወንበሩን ወደኔ ሳብ አርጎ፣ «እማማ፣ ምን ልርዳዎት?» አለኝ። «ሆዴን» አልኩት። መቼ ጀመረዎት፣ ምን ያባብሰዋል፣ ሁሉንም እንደነገሩኝ መለስኩ። ታዲያ ቀጠለና፣ «ቤት ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለኝ።

ከልጆቼ ጋር ልል ነበር እኮ! አፌ እምቢ አለ።

«ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።»

«ምሳስ ከማን ጋር ይበላሉ?»

«ከማንም።»

እና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ እዚያው ሰው ፊት! አስተማሪዋ ብድግ ስትል እሱ እጄን ያዘኝ። ሰዓት አለቀ ሲባል እንኳ ቶሎ አልለቀቀኝም።

ሰላም ስትመጣ፣ «ያ ልጅ እንዴት ያለ ደግ ነው፤ ከማን ጋር ይኖራሉ ብሎ ጠየቀኝ እኮ!» ብላት አቀርቅራ፣ «እማማ፣ ጥያቄው እኮ በፈተናው ነጥብ አለው፤ ሁላችንም እንጠይቃለን» አለችኝ።

«እጅ መያዙስ?»

«እሱን እንጃ» አለች።

ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ኋላ ሳስበው ግን፣ ነጥብ ይኑረዋ! በባለቤቴ ጊዜም ነጥብ ቢኖረው እሱንም አንድ ሰው ይጠይቀው ነበር። ይሄ ትምህርት ደግ ነው እላለሁ እኔ። ሰላምንም፣ «ለሚመጣው ፈተና እንዳትረሽኝ» ብያታለሁ። ሃሃ፣ ሕመሙ ቁርጥማት ከሆነማ ማስመሰልም አያስፈልገኝም!