ለማሳያ አልቆምም ያሉት የኬሚስትሪ መምህርት

ክብርት ፕሮፌሰር አርኔታ ቲብስ ከአባታቸው ከአቶ ሉሽየስ ጌንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦላ ሜይ በሚሲሲፒ፣ በጥጥ አምራቾች ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ተወለዱ። የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤታቸው የቤተ ሙከራ ዕቃ ስላልነበረው ኬሚስትሪን ከሰሌዳ ላይ ተምረው፣ ከጥቁሮች ኮሌጅ በማዕረግ ተመርቀው፣ ወደ ኦሃዮ ተሻግረው ዶክትሬታቸውን ከተቀበሉ በኋላ በዚያው ግዛት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍሉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሮፌሰር ሆኑ። «የመጀመሪያዋ» መባልን ግን አጥብቀው ይጠሉ ነበር፤ ሁለተኛዋ እስክትመጣ ሃያ ዓመት ጠብቀዋልና። የፖስታ ሠራተኛውን አቶ ሮይስ ቲብስን አግብተው ልጃቸውን ዴልፊንን ወለዱ።

ክፍሉ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ለዶክትሬት የታጩ አመልካቾችን እራት ይጋብዛል፤ ክፍሉ ጥቁሮችን እንደሚቀበል ለማሳየት ፕሮፌሰር አርኔታን በር ላይ ማቆምም ልማድ ሆኖ ነበር። አንድ ዓመት ከቀድሞ ኮሌጃቸው ያመለከቱ ሦስት ጎበዞች በመግቢያ ፈተና ነጥብ ሰበብ ሥራቸው እንኳ ሳይታይ ውድቅ ተደረጉ። የክፍሉ ኃላፊ ይባስ ብለው፣ «አርኔታ፣ አንቺ በር ላይ ካለሽ እንግዶቹ ደስ ይላቸዋል» አሏቸው።

«እኔ አስተማሪ እንጂ የሱቅ መስኮት አይደለሁም!» አሉ፤ ከእራቱ ግን አልቀሩም። ሦስቱን ልጆች ከአውቶቡስ ጣቢያ ተቀብለው በፕሮፌሰሮቹ መካከል አስቀመጧቸው። የተጋበዘውን ካልተጋበዘው ማን ይለይ! አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ከሦስቱ አንዷ ከነበሩት ከሸርላ ባይነም ጋር ስለ ምርምራቸው ሲከራከሩ አምሽተው፣ «ይቺን ልጅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ እንዳይነጥቀን!» ብለው ወደ ኃላፊው ጮኹ።

ፕሮፌሰር አርኔታ ሹካቸውን አስቀምጠው፣ «ማን ይነጥቃችኋል? እናንተው ጥላችኋታል እኮ!» አሉ።

በዚያው ሳምንት ማመልከቻዎቹ እንደገና ታዩ፤ ሦስቱም ገቡ። ለዚህ ድፍረታቸው የደረጃ ዕድገታቸው ለዓመታት ቢታገድም አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አልጠየቁም።

በጉበት ካንሰር ታመው ሐኪም ዕረፉ ቢላቸውም አልጋቸው ላይ ሆነው የተማሪዎቻቸውን ጽሑፍ ሲያርሙ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ያስተማሯቸውን ዶክተሮች ትተውልናል። ፕሮፌሰር ሸርላ ባይነም፣ ሁለተኛዋ፣ ከእንግዲህ በዚያ ክፍል ብቻቸውን ናቸው። ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ የክፍሉ መምህራን አበባ ልካችኋል፤ እናመሰግናለን። የተማሪ ቅበላ ኮሚቴያችሁ ግን ማክሰኞ ይሰበሰባል፤ ቤተሰቡ ከአበባው ይልቅ ድምፃችሁን ይፈልጋል።

እግዚአብሔር የፕሮፌሰር አርኔታን ነፍስ ከድካማቸው ያሳርፍ፤ እኛን ግን ሥራቸው እስኪፈጸም አያሳርፈን። አሜን።